አንድ መለኪያ፣ ሁለት እርጉዞች

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቴ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወድቃ ስትገኝ አንድ ግራጫ መጋረጃ ከግድግዳው ዘንግ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጠርዙ አልተቀመቀመም። የታችኛው ጫፍ ታጥፎ በስፒል ተይዟል፤ ስፒሎቹ ከግራ ተነስተው ከመሃል ትንሽ አለፍ ሲሉ ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨርቅ ዝም ብሎ ወርዷል።

መጋረጃው የአንድ ጥርስ ሐኪም ነው። ሰውየው ከቀብሩ በኋላ መጥቶ እንዳለ ልውሰደው አለ፤ ሰጠነው። ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈለገም መሰለኝ፤ ወይም ቸኩሎ ይሆናል። አልጠየቅሁትም።

እህቴ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ «መጋረጃዋ» ይላታል፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ከቤቷ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል የሥራ ቦታዋ ናት፦ አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ በጥቅል የቆመ ጨርቅ፣ ካውያ። ሥራዋን የሚያውቅ ሁሉ ሁለት ጠባይዋን ያውቃል። አንደኛው፣ መስኮቱን ራሷ ሄዳ ካልለካች አትቆርጥም። ደንበኛው ልኩን በስልክ ሲነግራት «እሺ፣ እሺ» ትለዋለች፤ ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ትሄዳለች። የለካችውንም እንደገና በሌላ ሜትር ትለካዋለች፤ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል ትላለች። ሁለተኛው፣ የሰፋችውን መጋረጃ ወዲያው አትቀመቅምም። ጨርቅ ተሰቅሎ ሲሰነብት በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረዝማል፤ ዛሬ ልክ የሆነው ጠርዝ በሳምንቱ ወለል ይጠርጋል። ስለዚህ ሰቅላ ትተወዋለች። ደንበኞች ይነጫነጩባታል። አንዷ ሴትዮ «መጋረጃ አዘዝኩሽ እንጂ ሙዚየም ክፈቺ አልኩሽ?» ብላታለች። እትዬ «መግቢያ አላስከፈልኩሽም፣ አርፈሽ እዪ» አለቻት።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታችን ስትሞት እትዬ ገና ደረቷ ያልሞላ ልጃገረድ ነበረች፤ እኔ ገና መናገር የጀመርኩ ሕፃን። ትምህርቷን ትታ ጎረቤት ካለች ሰፊ ዘንድ ገባች። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰችኝ መርፌዋ ናት። ሰነድ ማደራጀት ተምሬ መዝገብ ቤት ስቀጠር በኩራት ሰፈሩን አዳረሰችው፤ ቀጥላ ግን «ማህደር» የሚል ስም አወጣችልኝ። «ማህደር መጣ፣ ወንበር ስጡት፣ አቧራውን አራግፉለት» ትላለች ቤቷ ስገባ።

እናታችን የሞተችው በወሊድ ነው፣ ከእኔ ቀጥሎ የመጣው ልጅ ላይ፤ እሱም አልተረፈም። ከዚያ በላይ የምናውቀው የለም። መዝገቡን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ወሊድ» ይላል፣ ሌላ የለም። ሰው በወሊድ አይሞትም፤ በወሊድ ጊዜ በሆነ ነገር ይሞታል። ያ ነገር ምን እንደነበር ግን የጻፈ የለም።

እትዬ ግን የምታውቅ ይመስላት ነበር። የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንዱን፣ ስትወልድ ፊቷና እጇ አብጦ፣ ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ብልጭ ድርግም ሲልባት ቆይቶ ድንገት ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ልጁን ያየችው በማግስቱ ነው። ሁለተኛዋን፣ ሴቷን፣ ስታረግዝም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ሳይብስ አለፈላት። ያኔ ያከማት ሐኪም «የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ ከወለድሽ አለቀ» አላት። እትዬ ይህንን ቃል እንዳለ ይዛ ኖረች። ከወለዱ ያልቃል። እናታችንን አስባ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት፤ ነገሩ ከሴት ወደ ሴት ይወርዳል፣ ከእናቷ ወደ እሷ መጣ፣ ከእሷ ወደ ልጇ ይሄዳል።

ባሏ ልጆቹ ሳያድጉ ሌላ አገር ሄዶ ቀርቷል። ወንዱ አድጎ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ሆነ፤ አንዲት ፀጉር ሠሪ አግብቶ ከእናቱ ቤት በላይ፣ በብረት ደረጃ በሚወጣባቸው ሁለት ክፍሎች ይኖራል። ሴቷን ሁላችንም ሚጡ እንላታለን። ባሏ ሩቅ ስለሚሠራ ስታረግዝ እናቷ ቤት ገባች። የእትዬ ምራት፣ ፀጉር ሠሪዋም፣ በዚያው ሰሞን አረገዘች። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት እርጉዞች ሆኑ፤ አንዷ ታች፣ አንዷ ላይ።

እትዬ ሚጡን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀቻት። ስፔሻሊስት ዘንድ ወሰደቻት፤ ሐኪሟ የእናቲቱን ታሪክ ሰምታ ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት አነስተኛ አስፕሪን አዘዘችላት። የግፊት መለኪያ ገዛች፤ ክንድ ላይ ታስሮ በባትሪ የሚሠራውን። ጠዋት ጠዋት ሚጡ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ክንዷን ትሰጣለች፣ ማሽኑ ይነፋል፣ እትዬ ትንፋሿን ውጣ ቁጥሩን ትጠብቃለች። ሐኪሟ ጨው ስለመተው ምንም አላለችም፤ እትዬ ግን ጨው ከቤት አስወጣች። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ የጨው ብልቃጥ መደበቅ ጀመረ።

«እማዬ፣ ግፊት ያለበት ማን ነው? ሚጡ ደህና፣ እኔ ደህና» ይላታል።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ። አፍህ ነው ጨው የለመደው።»

«አፌማ የለመደውን ረስቶታል።»

ምራቷ በዚህ ሁሉ ትስቃለች። ሳቂታ ነች። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ቤት ቆማ ትውላለች፤ ማታ ስትመጣ ጫማዋን ደረጃው ሥር አውልቃ በባዶ እግሯ ትወጣለች። እሷም በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ክትትል ነበራት። «ከቤተሰብሽ በእርግዝና ጊዜ ግፊት የነበረበት አለ? እናትሽ? እህትሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። «የለም» ብላለች። እውነቷን ነው። እናቷ ብዙ ልጆች ወልዳ ራስ ምታት እንኳ የማታውቅ ሴት ናት። የባልሽ እናትስ ብሎ የጠየቃት የለም። ጥያቄው ትክክል፣ መልሱ ትክክል። እኔ ዛሬም ድረስ የቱ ላይ እንደጎደለ ለመናገር ይቸግረኛል።

በስምንተኛ ወሯ መግቢያ ላይ ፊቷ ሞላ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሞላው። እሁድ ምሳ ላይ ነበርኩ፤ ጉንጯን ነፍታ አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ እዩኝ እስቲ፣ ጉንጭ አወጣሁ። ስንት ዘመን ሙሉ አጥንት ነሽ ሲሉኝ ነበር።»

«አምሮብሻል» አልኳት። አምሮባትም ነበር።

«ራሷን ግን ያማታል» አለ ሹፌሩ።

«የፀጉር ማድረቂያው ሙቀት ነው። ከሥሩ ቆመህ ብትውል አንተንም ያምሃል።»

እትዬ ከሚጡ ሳህን ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ሚጡና ምራቷ ናቸው። ሁለቱ የሚለያዩበት ነገር ስላለ የተስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሚጡ ተለክታ 112 በ70 ሆነ። እትዬ ደስ አላት። ምራቷ ወደ ሥራ ልትሄድ ከደረጃው ስትወርድ አየቻቸውና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ክንዷን ዘረጋች።

«እማማ፣ ለእኔም ይለኩልኝ እንጂ። ወይስ ለቤት ልጅ ብቻ ነው?»

«ኧረ ነይ፣ ምን ገዶኝ። ባትሪው ያንቺ ባል የገዛው ነው።»

ማሽኑ ነፋ። 164 በ108 አለ። ሳቁ ቆመ። እትዬ ፈታ እንደገና አሰረችላት። 166 በ108።

እዚህ ላይ ነው እህቴ ዕድሜ ልኳን ያመነችበትን ያደረገችው። ሜትር ሲያጠራጥራት በሌላ ሜትር እንደምትለካው ሁሉ፣ ማሽኑን በሌላ ሰው ልትፈትነው ፈለገች። ሚጡ ቀድሞ ተለክታለች። ስለዚህ የራሷን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዷ ላይ አሰረችው። ማሽኑ ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ከፍ ያለ ቁጥር አወጣ፤ ከምራቷም የባሰ።

«ተበላሽቷል» አለች እትዬ። ልቧ መለስ አለ። «እኔንና አንቺን ባንዴ ሊያሳምመን ነው እንዴ? ይኼ ዕቃ ተበላሽቷል።»

«እኔማ ደንግጬ ነበር» አለች ምራቷ።

«ሂጂ ሥራሽን። አሠርቼው እመጣለሁ።»

ሚጡ «የእኔስ ቅድም ትክክል ነበር?» ብላ መጠየቋን ታስታውሳለች። እናቷ «የአንቺ ሲለካ አልተበላሸም ነበር» አለቻት። ሁሉም ነገሩ ልክ መሰላቸው። እኔም ብኖር ልክ የሚመስለኝ ይመስለኛል። አንድ መሣሪያ ሁለት ደህና ሰዎችን ታማችኋል ካለ ሰው የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው። ሁለቱ ደህና አለመሆናቸው ነው ያልታሰበው።

እትዬ ማሽኑን በፌስታል ይዛ የገዛችበት የሕክምና ዕቃ መሸጫ ሄደች። ባለሱቁ አንድ መነጽሩን አፍንጫው ላይ የሚያንጠለጥል ቀልደኛ ሰው ነው።

«ምን ሆነ?» አላት።

«ያበዛል። የሌለ ግፊት ያወጣል።»

«እስቲ በእኔ እንየው፤ እኔ የሌለኝ ነገር ብዙ ነው።» ራሱን ለካ። 118 በ76። ሌላ አዲስ ማሽን ከመደርደሪያ አውርዶ በዚያም ለካ። ያው ነው። ለማረጋገጥ ጎረቤቱን፣ ስልክ ጠጋኙን፣ ጠርቶ ለካው። እሱም ደህና።

«እትዬ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው» አላት። «ቤት ያለውን ሰው ይዩ።»

ባለሱቁ ኋላ እንደነገረኝ፣ እህቴ ማሽኑን አልተቀበለችውም። ቀና ብላ ባለሱቁን አየችው፣ በሩን አየች፣ እንደገና እሱን አየችው። ከዚያ ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ ፌስታሉን ትታ ወጣች። ባለሱቁ «ፌስታል» ብሎ ጠራት፤ አልሰማችውም።

ወደ ቤት አልሄደችም። ፀጉር ቤቱ ሄደች። ምራቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ላይ ቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር።

«እማማ? ምን ሆኑ? ሚጡ ምን ሆነች?»

«ተቀመጪ።»

«ደንበኛ ይዣለሁ እኮ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።» ከማድረቂያው ሥር ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ግማሽ ፀጉሯ የተጠቀለለው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ አፏን ከፍታ ታያለች። ማሽኑ 170 በ110 አለ። እትዬ ጎንበስ ብላ የምራቷን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጣቷ ያረፈበት ስርጉድ ብሎ ቀረ።

«ዓይንሽ ላይ የሚበር ነገር አለ?»

ምራቷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ አሸት አደረገች። ከዚያ «ከትናንት ጀምሮ፣ ትንሽ ትንሽ» አለች። «አቧራ መስሎኝ።»

ሆስፒታል ያደረሳቸው የደንበኛዋ መኪና ነው፤ ሴትዮዋ ቢጎዲኗን ሳታወልቅ ነዳች።

እኔ ስደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኝቷል፣ የጉበቷ ምርመራ ጥሩ አልነበረም። እንዳትንዘፈዘፍ በደም ሥሯ ማግኒዚየም እየገባላት ነው። ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ካንዱ እጁ ወደ ሌላው እያቀያየረ ይመላለሳል። እትዬ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አላሾፈችም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ሕፃኑን ዛሬውኑ በኦፕራሲዮን እንደሚያወጡት፣ ጊዜው ባይደርስም ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ ሊያድግ እንደሚችል፣ እናቲቱ ግን ሳትወልድ ብትቆይ ለሁለቱም አደጋ እንደሆነ ነገረችን። ሹፌሩ ፈርሞ ወደ ሚስቱ ገባ። ዶክተሯ ልትሄድ ስትል እትዬ ተነሳች።

«ልጠይቅዎት ዶክተር። ይኼ ነገር በእኛ ዘር ያለ ነው። እናቴን የገደላት እሱ መሰለኝ፤ እኔንም ጥሎኝ ነበር። ሴት ልጄ እርጉዝ ናት፤ እሷን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ይቺ ግን የእኛ ዘር አይደለችም፤ የሰው ልጅ ናት። እንዴት አድርጎ ወደ እሷ ሄደ?»

«ባለቤቷ ነው ልጅዎ?»

«አዎ።»

«እርስዎን የጣለዎት እሱን ሲወልዱ ነው?»

«እሱን ስወልድ ነው።»

ዶክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማማ፣ እንግዴ ልጁ የማን ይመስልዎታል?»

«የእናቲቱ ነዋ። ከሆዷ አይደል የሚወጣው?»

«ከሆዷ ይወጣል፤ የሚበቅለው ግን ከሕፃኑ ጋር ነው። እንደ ሕፃኑ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የመጣ ነው። ከአባት በመጣው ውስጥ ደግሞ የአባት እናት አለች።»

እትዬ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ልክ በሌላ ሜትር እንድለካላት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር።

«እንግዴ ልጁ ገና ሲተከል የእናቲቱን የደም ሥሮች በደንብ ካላሰፋ ኋላ ላይ ደም ያጥረዋል» አለች ዶክተሯ። «ሲያጥረው አንድ ፕሮቲን አብዝቶ ወደ ደሟ ይለቃል። የእናቲቱን የደም ሥር ግድግዳ ጤናማ አድርጎ የሚያቆይ ሌላ ንጥረ ነገር አለ፤ ይኼኛው እሱን እየያዘ ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ግፊት ይነሳል፣ ኩላሊቷ ማስቀረት ያለበትን ወደ ሽንት ያሾልካል። ፊቷ የሚያብጠው፣ ራሷን የሚያማት፣ ዓይኗ የሚያስቸግራት ከዚያ ነው።»

«ያንን ፕሮቲን ማውጣት አይቻልም?»

«የሚለቀው እንግዴ ልጁ ነው። ለዚያ ነው አሁን የምናዋልዳት።»

«ስለዚህ ከእኔ ነው የመጣባት።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አሁን አሉ እኮ።»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። ላይሆንም ይችላል። አንድ ዘረ መል አይደለም፣ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚገፋው። የራሷም ይኖርበታል። የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑም አለበት። የማናውቀውም አለ። ሴት ልጅዎን ይመልከቱ፤ በቀጥታ ከእርስዎ የወሰደች እሷ ናት፣ ግን ደህና ናት።»

«እሷ አስፕሪን ትወስዳለች።»

«አስፕሪኑ ይሁን፣ ቀድሞውንም የማይመጣባት ሆኖ ይሁን፣ እሱንም ልነግርዎት አልችልም።»

እትዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጠላልፋ አየቻት። «ልጄ፣ ታዲያ የምታውቁት ምኑን ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። ዶክተሯ ፈገግ አለች። «ዛሬ የሚደረገውን እናውቃለን» አለች። ከዚያ ተነስታ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ጨመረች። «እርስዎም ግን በየጊዜው ይታዩ። በእርግዝና ጊዜ የነበረባቸው ሴቶች፣ ሲወልዱ ግፊቱ ቢወርድም፣ ኋላ በዕድሜ ልብና የደም ሥር ላይ...»

«የእኔ ድሮ አልቋል» አለች እትዬ። ነርሷ ዶክተሯን ጠራቻት፤ ዶክተሯ ሄደች።

ሕፃኗ ተወለደች። ከአንድ እጅ ብዙም አትበልጥም፤ ግን አለቀሰች። የምራቷ ግፊት ወዲያው አልወረደም፤ እንደውም በማግስቱ ከፍ ብሎ ሁላችንንም አስደነገጠን። ከዚያ ቀስ በቀስ በመድኃኒት ወረደ። ራሷን ስታውቅ የመጀመሪያ ንግግሯ «ያቺ ሴትዮ ፀጉሯን ማን ጨረሰላት?» የሚል ነበር።

አንድ ቀን ከሹፌሩ ጋር ከማሞቂያው ክፍል መስታወት ፊት ቆመን «አጎቴ፣ በእኔ ነው ማለት ነው?» አለኝ። እናቱ ከኋላ ሰምታዋለች።

«አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለችው። «አንተን የወለድኩ እኔ ነኝ። ካልክም እኔን በል።»

«አንቺን ማለቴ አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

ወደ መስታወቱ ዞረ። እኔ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። እናታችን ደግሞ ከማን ወሰደች? ከእናቷ? ወይስ እኔን ስትወልድ ደህና ሆና ሌላው ላይ የሞተችው በአባታችን በኩል በመጣ ነገር ነው? የሞተችው በግፊት መሆኑንስ ማን አየ? ሁሉንም ወደ ኋላ ስጎትተው የያዝኩት ጫፍ ከእጄ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ እትዬ በየሁለት ቀኑ ትደውልልኛለች።

«ማህደር፣ አገኘኸው?»

«ምኑን?»

«ከእኔ መሆኑን፣ አለመሆኑን።»

እኔ ሰነድ የማደራጅ ሰው ነኝ። አንድ ወረቀት ከየት መጣ ስባል ምንጩን አሳያለሁ። ጥናቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ፣ እንዲህ ካለ እርግዝና የተወለዱ ወንዶች ሚስቶቻቸው ላይ ነገሩ በመጠኑ በዝቶ ይታያል ይላል። ሌላው፣ ያንን ፕሮቲን የሚያዝዘው ዘረ መል አካባቢ፣ በእናት ሳይሆን በሕፃኑ ላይ፣ አንድ ልዩነት ተገኝቷል ይላል። ሌላው ደግሞ አብዛኞቹ ልዩነቱ ያለባቸው ምንም አይሆኑም ይላል። ሁሉም ስለ ብዙ ሺህ ሴቶች ነው የሚናገሩት፤ ስለ አንዲት ፀጉር ሠሪ የሚናገር የለም።

«አይገኝም እትዬ» አልኳት።

«አንተ የጠፋ ስትፈልግ አይደል ደመወዝ የሚከፈልህ?»

«የጠፋ ነገር መጀመሪያ የነበረ መሆን አለበት። ይኼ የተጻፈበት ቦታ የለም።»

«እኔ የምልህ» አለች፣ «ሚጡን ሳይ ልጄ አመለጠች እላለሁ። ያቺኛዋን ሳይ ደግሞ ያመለጥሁት እኔ ይመስለኛል፣ በእሷ ላይ ጥዬው። ምኑ ከምኑ እንደሆነ ዞረብኝ።»

ሚጡ በየካቲት ጊዜዋን ጠብቃ በሰላም ወለደች። ግፊቷ አንድም ቀን ከፍ አላለም። እትዬ ግን ከዚያ በኋላ መለኪያውን ይዛ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ምራቷ መድኃኒቷን ገና አልጨረሰችም ነበር። «እማማ፣ እኔ ከልጅዎ ከሚጡ የወረስኩት ይኼንን የክንድ ማሰሪያ ነው» ትላታለች። እትዬ አትስቅም። ታስራለች፣ ትለካለች፣ ቁጥሩ ሲወርድ «ጎሽ» ትላለች፤ ጎሽ የምትለው ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ራሷን ግን ዳግም አልለካችም። ያንን ሐሙስ ጠዋት በክንዷ ላይ ምን እንደወጣ ያወቅሁት በልቅሶው ላይ ነው። «178 በ110 ነበር» አለችኝ ምራቷ፤ ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ከጎኔ ሆና። «ከእኔ ይበልጥ ነበር። ተበላሽቷል አልን። ባለሱቁ ማሽኑ ጤነኛ ነው ሲል የታሰበው የእኔ ብቻ ሆነ።» ሆስፒታል ተቀምጠን ስለ ዘር፣ ስለ እንግዴ ልጅ፣ ስለ ፕሮቲን ስንጠይቅ፣ ከፍ ካሉት ሁለት ቁጥሮች አንዱ የእህቴ መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ከመካከላችን ሁለት ሰው ነበር፤ ምራቷ በመድኃኒት ደንዝዛ ነበር፣ ሚጡ ቤት። እትዬስ? እትዬ ማሽኑ ትክክል መሆኑን ካመነች በኋላ ስለ ራሷ ክንድ ምን አስባ ነበር? «ከወለድሽ አለቀ» የሚለውን ይዛ ይሆን? ወይስ አውቃ ነው ዝም ያለችው? ሐኪሞቹ በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ይኼንን የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አንድ ቃል እንዳይሆን ብዬ ቆሜ አስጽፌዋለሁ። ያም ሆኖ መልስ አይደለም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ ወድቃ ከመገኘቷ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት፣ የምራቷ መድኃኒት አለቀ። ሹፌሩ ክፍለ ሀገር ጭኖ ነበር። እትዬ «እኔ እሄዳለሁ» አለች። ቅርብ ያለው ፋርማሲ የለንም አላት። ቀጥሎ ያለውም የለንም አለ። ከገበያው ጀርባ ያለው ጋ አገኘች፤ ፋርማሲስቱ ያስታውሳታል፣ ምክንያቱም የማብቂያ ቀኑን ከካርቶኑም ከብልቃጡም ላይ አስነብባዋለች።

«ለራስዎ ነው?» ብሎ ጠይቋታል።

«ለልጄ ነው» አለችው። «እኔ ደህና ነኝ።»

አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በታክሲ ተመለሰች፣ የብረቱን ደረጃ ወጣች፣ እጇን ታጥባ ሕፃኗን ከምራቷ ተቀበለች። ውሃ ቀዳችላት። ምራቷ ክኒኑን አፏ ውስጥ ጨመረች።

«ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

ምራቷ እንደ ልጅ ምላሷን አውጥታ አፏን ከፈተች። እትዬ ጎንበስ ብላ አየች። «በይ» አለች፤ ሕፃኗን መለሰችላትና ወረደች።